የካንሰርን መድኃኒት ማፈላለግ የማን ግዳጅ ነው?

የሐኪም ማዘዣ በእጁ ይዞ ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው በብዙ የአፍሪካ ከተሞች የዘወትር እይታ ሆኗል። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ወረቀቱን ይመለከታል፤ ወደ መደርደሪያው ዞር ይላል፤ ከዚያም «የለም» ሲል ይመልስለታል። ለራስ ምታት ኪኒን የሚፈልግ ሰው እንዲህ ቢባል ከሚቀጥለው መንገድ ላይ ያገኘዋል። የካንሰር፣ በተለምዶ ነቀርሳ የሚባለው በሽታ መድኃኒት ፈላጊ ግን ይህን ቃል ደጋግሞ ሰምቶ፣ ከተማውን አካልሎ፣ ወደ ርእሰ ከተማው ተሳፍሮ ሲሄድ እዚያም የሚጠብቀው ይኸው ቃል ሊሆን ይችላል።

ይህ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የአንድ ቤተሰብ የግል መከራ ተደርጎ ይታያል። ወዳጅ ዘመድ ያዝናል፤ አቅም ያለው ገንዘብ ያዋጣል፤ ውጭ አገር ዘመድ ያለው ስልክ ይደውላል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን የመረዳዳት ባሕል መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁንና በመስኮቱ ላይ የሚነገረው «የለም» የረጅም ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት መሆኑን መርሳት አይገባም። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው ከመድኃኒት ቤቱ እጅግ በራቀ ስፍራ ነው። የት የት ላይ እንደሚበጠስና ለምን እንደሚበጠስ መመርመር የዛሬው ሐተታችን ዓላማ ነው።

በጦር ሠራዊት ውስጥ ያለ አንባቢ ነገሩን ከራሱ ሥራ ተነሥቶ በቀላሉ ሊመዝነው ይችላል። በምሽግ ውስጥ ያለ ተዋጊ ጥይቱን ከገበያ ገዝቶ፣ ውሃውን ከመንደር ለምኖ እንዲዋጋ የሚያዝ አዛዥ የለም። የስንቅና የትጥቅ አቅርቦት ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑና የሚፈለገው ነገር ከሚፈለግበት ቀን አስቀድሞ መድረስ እንዳለበት በሠራዊት ዘንድ አከራካሪ አይደለም። በካንሰር ሕክምና ግን ይህ ሥርዓት ተገልብጦ ይታያል። ከሁሉም ይልቅ የደከመው ሰው የአቅርቦት ሠራተኛ ሆኖ ተመድቧል።

ለመሆኑ የካንሰር መድኃኒት ከሌላው መድኃኒት በምን ይለያል? አንደኛው ልዩነት የጊዜ ጉዳይ ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ሕክምና፣ ማለትም ኬሞቴራፒ፣ በዙር የሚሰጥ ሲሆን ብዙዎቹ ዙሮች በየ21 ቀኑ የሚደገሙ ናቸው። ሁለተኛው ልዩነት መድኃኒቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በኅብረት የሚሠሩ መሆናቸው ነው። ለምሳሌ በሕፃናት ላይ የሚደርሰው የደም ካንሰር ሕክምና ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን ልዩ ልዩ መድኃኒቶች ተራቸውን ጠብቀው ይሰጡበታል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የሕክምናው ዕቅድ ይዛባል። ዛሬ የታጣ መድኃኒት ከሁለት ወር በኋላ ቢገኝ፣ መድኃኒቱ ያው ቢሆንም በሽታው ያው አይሆንም።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በያመቱ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናትና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። በሀብታም አገሮች ከእነዚህ ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሲድኑ፣ በብዙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። ለዚህ ልዩነት በሽታው ዘግይቶ መታወቁና ሕክምና መቋረጡ ድርሻ አላቸው። የመድኃኒት እጦትም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። ይኸው ድርጅት እንዳስታወቀው የካንሰር መድኃኒት በአጠቃላይ ለሕዝባቸው እንደሚገኝ የገለጹት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች 29 በመቶው ብቻ ሲሆኑ፣ ከሀብታሞቹ አገሮች ግን 96 በመቶው ናቸው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ለምን ይጠፋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው መልስ «ውድ ስለሆነ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ግማሹ እውነት ብቻ ነው።

ውድነት የሚያስከትለውን እጦት ለማስረዳት ኢማቲኒብ ከሚባለው መድኃኒት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ሲፈቀድ በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የተያዙ ሰዎችን ዕጣ የለወጠ ነበር። ቀድሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድል የነበረው በሽታ፣ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ለብዙ ዓመታት አብረውት የሚኖሩት በሽታ ሆነ። ሆኖም ኪኒኑን የሠራው የስዊዘርላንዱ ኩባንያ ኖቫርቲስ በፈጠራ ባለመብትነት ዋጋውን ከፍ አድርጎ ያዘው። በአንጻሩ የሕንድ ፋብሪካዎች ያንኑ መድኃኒት በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ ያመርቱ ነበር። ጉዳዩ በክርክር ከቆየ በኋላ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2013 የኩባንያውን የባለመብትነት ጥያቄ ውድቅ አደረገ። በዚያን ጊዜ እንደተዘገበው የባለመብቱ ኪኒን የአንድ ዓመት ዋጋ በአሜሪካ እስከ 70 ሺህ ዶላር ሲደርስ፣ የሕንዱ ግን 2,500 ዶላር ያህል ነበር።

ኩባንያው በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ማክስ ፋውንዴሽን ከተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅት ጋር በመተባበር መድኃኒቱን ለብዙ አገሮች ሕሙማን በነጻ ሲሰጥ ቆይቷል። በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሕሙማንም ከዚህ ተጠቃሚዎች ሆነዋል። ብዙ ሕይወት ያተረፈ ልግስና በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባውም። ይሁን እንጂ ልግስና ለአንድ መድኃኒት መልስ ቢሆን፣ ለሌላው ሃምሳ መድኃኒት መልስ ሊሆን አይችልም።

የቀረው ግማሽ እውነት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ከካንሰር መድኃኒቶች ብዙዎቹ የሚጠፉት ርካሽ በመሆናቸው ምክንያት ነው። ይህ አነጋገር ለጊዜው ግራ ሊያጋባ ይችላልና ሁለት ምሳሌዎችን እንጥቀስ።

ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት የሚገኘው መነሻው ማዳጋስካር ከሆነና ዛሬ በብዙ አገሮች በየግቢው ከሚታይ ባለ ሐምራዊ አበባ ተክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በአገልግሎት ላይ ያለ፣ የባለመብትነት ዘመኑ ያለፈ፣ በሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ውስጥ ግን ምትክ የሌለው መድኃኒት ነው። ለአሜሪካ ገበያ ያቀርቡት የነበሩት ሁለት ኩባንያዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቴቫ እ.ኤ.አ. በ2019 ምርቱን አቆመ። የቀረው ብቸኛ አቅራቢ ፋይዘር ወዲያው መዘግየት ሲገጥመው፣ በዚያው ዓመት መኸር ላይ በአሜሪካ የሚገኙ የሕፃናት ሆስፒታሎች መድኃኒቱን በቁጠባ ለማከፋፈል ተገደዱ።

ሁለተኛው ምሳሌ ሲስፕላቲን ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን ለማኅፀን በር፣ ለሳንባ፣ ለእንቁልጢና ለሌሎችም የካንሰር ዓይነቶች ይሰጣል። ለአሜሪካ ከሚቀርበው ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚመረተው በሕንድ አገር በጉጅራት ክፍለ ሀገር ባለው የኢንታስ ኩባንያ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካውን ሲጎበኙ የጥራት መመዝገቢያ ሰነዶች ተቀዳደው ተጥለው አገኙ። ምርቱ ቆመ። በየካቲት 2023 የመድኃኒቱ እጥረት በይፋ ታወጀ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ታላላቅ የካንሰር ማእከሎች በተደረገ ጥናት፣ ከተጠየቁት ማእከሎች 70 በመቶው የሲስፕላቲን፣ 93 በመቶው ደግሞ የቅርብ ዘመዱ የሆነው የካርቦፕላቲን እጥረት እንዳለባቸው ገልጸዋል። መንግሥቱም ከቻይና ፋብሪካ እንዲገባ ፈቀደ።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የአንድ ብልቃጥ መድኃኒት ዋጋ እጅግ ሲወርድ አምራቹ ትርፍ ያጣበታል። ትርፍ ያጣበትን ምርት ይተዋል፤ ወይም መሣሪያውን ሳያድስ ይቀጥላል። በመጨረሻም የዓለም ገበያ በሁለት ወይም በሦስት ፋብሪካ ትከሻ ላይ ያርፋል። ከእነዚህ አንዱ ሲታመም ሁሉም ይታመማል። በሀብት የታወቀችው አሜሪካ በርካሽ መድኃኒት እጦት ከተቸገረች፣ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆሙት አገሮች ምን እንደሚደርስባቸው መገመት አያዳግትም።

ወደ አካባቢያችን ስንመለስ፣ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ለካንሰር ሕክምና እውቀት እንግዳ አለመሆናቸውን ማስታወስ ተገቢ ነው። በኡጋንዳ ያገለግል የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣውን ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ የኡጋንዳ የካንሰር ተቋም በካምፓላ ተመሠረተ። ይህ ዕጢ በመድኃኒት ብቻ ሊድን የሚችል መሆኑን ካረጋገጡት ጥናቶች ታላላቆቹ የተካሄዱት እዚያው ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የውጭ አገር ሐኪሞች አገሪቱን ለቀው ሲወጡ፣ ኡጋንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ኦልዌኒ የተቋሙን ሥራ ተረክቦ በብርቱ ችግር ውስጥ አስቀጠለ። እንግዲህ እውቀቱ እዚሁ ነበረ፤ ሐኪሙም እዚሁ ነበረ። የመድኃኒቱ ምንጭ ግን ሁልጊዜ ከባሕር ማዶ ነበረ።

በኢትዮጵያም ሁኔታው ከዚህ የራቀ አይደለም። የካንሰር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ላይ ተከምሮ ቆይቷል። በኋላ የኬሞቴራፒ አገልግሎት በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በመቀሌና በሐረር ወዳሉ ሆስፒታሎች ተስፋፍቷል። ሕክምናው ወደ ክፍላተ ሀገር ሲወርድ ግን መድኃኒቱ ሁልጊዜ አብሮ አይወርድም። ለመንግሥት ሆስፒታሎች የሚገዛው የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሲሆን፣ ከሆስፒታሉ ያጣ ሰው ወደ ከነማ፣ ወደ ቀይ መስቀልና ወደ ግል መድኃኒት ቤቶች ይሄዳል። የካንሰር መድኃኒት ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ግዥው በውጭ ምንዛሪ ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ቀድሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ደመወዙ በብር፣ መድኃኒቱ በዶላር የሆነ ሰው የዚህን ትርጉም ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ከምንዛሪው ሌላ የመጠን ጉዳይ አለ። አንድ አነስተኛ ከተማ በዓመት ውስጥ የሚያስፈልገው የአንድ ዓይነት መድኃኒት መጠን ጥቂት ብልቃጥ ሊሆን ይችላል። ባለ መድኃኒት ቤቱ አስመጥቶ ቢያስቀምጥና በሽተኛው ባይመጣ፣ ወይም ሐኪሙ ሕክምናውን ቢለውጥ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው አልፎበት ይከስራል። ስለዚህ አያስመጣም። «የለም» የሚለውን ባለሙያ በስግብግብነት ወይም በስንፍና መክሰስ የተለመደ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ ክሱ ተገቢ አይደለም። እርሱ የሚሸጠው የደረሰውን ነው።

በዚህ ክፍተት መካከል ሌላ ገበያ ይበቅላል። መድኃኒት በመንገደኛ ሻንጣ ከዱባይ፣ ከሕንድ ወይም ከአሜሪካ ይመጣል። ወንድሙን ለማዳን ሲል ከባሕር ማዶ መድኃኒት የሚልክ ሰው የሚሠራው የፍቅር ሥራ ነው። ሆኖም ለጡት ካንሰር እንደሚሰጠው ትራስቱዙማብ ያለ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በአውሮፕላን ማረፊያ ሙቀት የዋለ ብልቃጥ ከላይ ሲታይ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ውስጡ ግን ተበላሽቶ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው የሐሰተኛ መድኃኒት አደጋ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ አይክሉሲግ በሚባል የደም ካንሰር መድኃኒት ስም ይሸጥ የነበረ ሐሰተኛ ኪኒን በምርመራ ሲታይ በውስጡ የተገኘው ፓራሲታሞል መሆኑን አስታወቀ። ይህ የሆነው ቁጥጥራቸው ጠንካራ ነው በሚባሉት በአውሮፓና በአሜሪካ አህጉሮች ገበያ ነው። አጭበርባሪ የሚሰማራው ሰው በሚቸኩልበትና ዕቃ በሚታጣበት ስፍራ በመሆኑ፣ እጦትና ሐሰተኛ መድኃኒት መንትዮች ናቸው።

«ወባና የሳንባ ነቀርሳ ባልጠፉበት አገር የካንሰር መድኃኒት ቅንጦት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ለእነዚህ ሰዎች መልስ የሚሆነው የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ከዛሬ ሃያ አምስት ዓመት በፊት ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ይባል የነበረው ይኸው ነበር። በዚያን ጊዜ የአንድ በሽተኛ የዓመት መድኃኒት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የሕንዱ ኩባንያ ሲፕላ በዓመት በ350 ዶላር ገደማ ለማቅረብ መዘጋጀቱን ሲያስታውቅ ያ ክርክር መሠረቱ ተናጋ። በተከታዩ ዓመት ግሎባል ፈንድ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ተቋቋመ። በኢትዮጵያም መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ መታደል ጀመረ። ዛሬ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሚሄደው ወደ ታወቀ ጤና ጣቢያ እንጂ ከመድኃኒት ቤት ወደ መድኃኒት ቤት አይደለም። ለውጡን ያመጣው ግዥው በአንድነት፣ መጠኑ በትንበያ፣ ማከፋፈያው በታወቀ ቦታ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በብዛት ሲቀንስ እንደታየው፣ በሌላ እጅ ላይ የተንጠለጠለ አቅርቦት ሥጋት አይለየውም። ይህ ግን የራስን በጀት መጨመር የሚጠይቅ ነገር እንጂ ሥርዓቱ ስሕተት መሆኑን የሚያሳይ አይደለም።

በካንሰር መድኃኒት ረገድም ጅምሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርና የክሊንተን የጤና ድርጅት ከፋይዘርና ከሲፕላ ጋር ባደረጉት ስምምነት፣ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ናይጄሪያ 16 መሠረታዊ የካንሰር መድኃኒቶችን በቅናሽ ዋጋ መግዛት የሚችሉበት መንገድ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅትና በአሜሪካ የሚገኘው የቅዱስ ይሁዳ የሕፃናት ሆስፒታል፣ ሆስፒታሉ በሰጠው 200 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሕፃናት ካንሰር መድኃኒትን በነጻ የሚያቀርብ ዓለም አቀፍ መድረክ መመሥረታቸውን አስታወቁ። የመጀመሪያው ጭነት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ወደ ሞንጎሊያና ወደ ኡዝቤኪስታን የተላከ ሲሆን፣ ዓላማው በሃምሳ አገሮች 120 ሺህ ያህል ሕፃናትን መድረስ ነው።

ስምምነት በወረቀት ላይ መስፈሩ ብቻ ግን ብልቃጡን ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታል አያደርሰውም። የሚያደርሰው በየሆስፒታሉ ያሉ ሕሙማን ተቆጥረው የሚቀጥለው ዓመት ፍላጎት በጊዜ ሲታወቅ፣ ትእዛዙ ክምችቱ ሳያልቅ ሲተላለፍና የትኛው መድኃኒት በየትኛው መጋዘን ስንት እንደቀረ በአንድ መዝገብ ሲታይ ነው። ይህ መዝገብ ለሕሙማንም ክፍት ቢሆን፣ አንድ ሰው ሦስት ቀን ዞሮ የሚያገኘውን መልስ በአንድ የስልክ ጥሪ ሊያገኘው ይችላል። ለዚህ አዲስ ፋብሪካ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የተሟላ ቆጠራና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነው።

ያ እስኪሆን ድረስ በፍለጋ ላይ ላሉ ሰዎች ጥቂት ምክር መስጠት ይገባናል። ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት የሆስፒታሉን የመድኃኒት ባለሙያ ማነጋገር ይጠቅማል፤ የት እንደሚገኝ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነውና። በማዘዣው ላይ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ መጠሪያ እንዲጻፍ ማድረግ፣ በአንድ የንግድ ስም ብቻ ከመታሰር ያድናል። የተገኘው መድኃኒት በደም ሥር ከመሰጠቱ በፊት ማሸጊያው፣ የመጠቀሚያ ጊዜውና የተቀመጠበት ቅዝቃዜ በባለሙያ ይታይ። መድኃኒቱ ከታጣ ደግሞ ዝም ብሎ ቤት ከመቀመጥ ለሐኪሙ ወዲያው ማስታወቅ ያሻል፤ ምትክ ወይም ሌላ ቅደም ተከተል ሊኖር ይችላልና። በራስ ፈቃድ መጠኑን ቀንሶ ለማብቃቃት መሞከር ግን አደገኛ ነው።

እነዚህ ምክሮች ጊዜያዊ መሻገሪያ እንጂ መፍትሔ አይደሉም። የካንሰር ሕሙም ግዳጅ መድኃኒቱን በቀኑ መውሰድ፣ ማቅለሽለሹን መቻልና ለሚቀጥለው ዙር ኃይሉን መጠበቅ ነው። ይህ ብቻውን ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው። መድኃኒቱን ማስላት፣ መግዛት፣ ማጓጓዝና በቦታው ማስቀመጥ የሌሎች ግዳጅ ነው። በጀት የሚመድበው፣ ጨረታ የሚያወጣው፣ መጋዘን የሚጠብቀውና ምንዛሪ የሚፈቅደው ሁሉ ድርሻ ድርሻውን ሊጠየቅበት ይገባል። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ «የለም» ሲል፣ ለምን እንደሌለና መቼ እንደሚመጣ በስሙና በማዕረጉ መልስ የሚሰጥ አንድ ኃላፊ ከበስተጀርባው መኖር አለበት እንላለን።